ጨለማው ከብሩሹ ነው ወይስ ከማተሚያው? የደሴው የሥዕል መጽሐፍ ክርክር

አወያይ፦ እንዴት ከረማችሁ ጀማው። ለደሴ የወጣት ንባብ ክፍሎች ባለ 48 ገጽ የጀግና የሥዕል መጽሐፍ በመዋጮ ይታተም የሚል ሐሳብ ቀርቧል። አቅራቢዎቹ አርአያ ያደረጉት «ብላክ ኦርኪድ»ን ነው። ለማያውቃት ባጭሩ፦ ሼልደን ሜየርና ቶኒ ዴዙኒጋ በ1973 እ.ኤ.አ. የፈጠሯት የአሜሪካው ኮሚክ አሳታሚ የዲሲ ጀግና ናት፤ ከጥቂት ታሪክ በኋላ ተረሳች። በ1988 እ.ኤ.አ. ኒል ጌይማን ድርሰቱን፣ ዴቭ ማኪን ሥዕሉን ይዘው በሦስት ክፍል እንደ አዲስ አመጧት። ገጾቹ ጨለምለም ያሉ፣ በቀለም የተሣሉ፣ ፎቶግራፍ የሚመስሉ ናቸው። የእኛም እንዲያ ይሁን ወይስ ጥርት ባለ መስመር ይሣል? ወጪው የሕዝብ ስለሆነ ሁሉም የሚያውቀውን ይናገር። ስድብ የለም።

ብሩሽ፦ እኔ በቀለሙ ወገን ነኝ። አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይጥራ። «ጨለማ» ሲባል ብዙ ሰው ጥቁር ማፍሰስ ይመስለዋል። ማኪን ያደረገው ሌላ ነው፤ ከተማውን፣ ቢሮውን፣ የሰውን ፊት አብዛኛውን በግራጫ አድርጎ ወይን ጠጁን ለእሷ አስቀመጠላት። ገጹን የገለጠ ዓይን ሳይጠራ ወደ እሷ ይሄዳል። ድርሰቱም ቢሆን ገና ሲጀምር ጀግናዋን ይገድላል። ወንጀለኛው እንደ ልማዱ አስሯት፣ ዕቅዱን አውርቶላት፣ ማምለጫ ጊዜ ሰጥቷት አይወጣም። ይኸን እንደማያደርግ ነግሯት ይተኩሳል። በሱፐርማን መጀመሪያ ገጾች ላይ ይኸን ማን ይፈቅዳል? የተረሳች ጀግና መምረጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የሚቆጣላት ብዙ አንባቢ የለም።

የታሪክ መምህሩ፦ ነገሩ የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው። በዕቅዳችሁ ላይ ጀግና ተብላ የተጻፈችው ወይዘሮ ወርቂት ናት። ወርቂት የሚቆጣላት የላትም? በወሎ የወረሂመኖ ገዥ ነበረች። ልጇ መቅደላ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ እስረኛ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ እጇ ሲገባ በልጇ ልትለውጠው አሰበች። የልጇን መገደል ስትሰማ ግን ወደ ሸዋ አሻገረችው። ይኸን የመሰለ ጨለማ እያላት በላይዋ ላይ የኮሚክ ጀግና ክንፍ መለጠፍ ለምን አስፈለገ? ብላክ ኦርኪድ የኩባንያ ንብረት ናት፣ ኩባንያው ፈቀደ፣ አለቀ። ወርቂትን ማን ይፈቅድላችኋል?

ብሩሽ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ወርቂት ትውጣ። በምትኩ ምኒልክ በወርቂት እጅ በገባበት ሌሊት በግቢዋ ወሬ ያመላለሰች፣ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ስሟን ያልመዘገባት ሴት ትሁን። እሷ ናት እውነተኛዋ የተረሳች።

የታሪክ መምህሩ፦ ይኸ ይሻላል። በመጀመሪያው ገጽ «ልብ ወለድ» ተብሎ በጉልህ ይጻፍ። ወርቂት በታሪኩ ውስጥ ብትገባም ያልሠራችውን አትሥራ፣ ያልተናገረችውን አትናገር፤ ከጀርባዋ ትታይ፣ ወይም በር ላይ ጥላዋ ይታይ። የቀለም ሰው ከሆናችሁ ይኸ አይቸግራችሁም።

መምህርት፦ እኔ ደግሞ በመስመሩ ወገን ነኝ። አገራችን ታሪክን በሥዕል መተረክ አዲስ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በ44 ክፍልፋይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ከላይ ግራ ጀምሮ ይከተለዋል። ለምን ይከተለዋል? ዙሪያው በጥቁር መስመር የተከበበ፣ ቀለሙ ጠፍጣፋ፣ ሰው ከሰው የማይደባለቅ ስለሆነ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ጻድቁ በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን ሆኖ ባንድ ዓይን ይሣላል፤ ማን ማን እንደሆነ ልጅ እንኳ አይስትም። በጭጋግ ውስጥ ሦስት ግራጫ ፊት አስቀምጣችሁ «የትኛዋ ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አታፍሩ።

ብሩሽ፦ እትዬ፣ ያነሱት ፈተና ልክ ነው፤ ዘዴም አለው። ገጹ ከመሣሉ በፊት በ6 በ9 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ በሦስት ደረጃ ብቻ ይነደፋል፦ ነጭ፣ መካከለኛ ግራጫ፣ ጥቁር። በዚያ መጠን ጀግናዋ ካልታወቀች በትልቁም አትታወቅም። አንዲት ገጸ ባሕሪ በፊቷ ሳይሆን በቅርጿ ትለይ፤ አንዷ ነጠላዋን ከራሷ እስከ ትከሻ፣ ሌላዋ በወገቧ ታስረው። ያቺ ያንድ ዓይን ሥዕል ዘዴም ትግባ፤ ከዳተኛው ሰውዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጎን ብቻ ይታይ።

ፕሌት፦ እኔ ወደ ማሽኑ ልግባ። ባለ 70 በ100 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ኤ4ን በአንድ ፊቱ 8፣ በሁለቱ 16 ገጽ ይይዛል። 48 ገጽ ማለት 3 ወረቀት ነው። ሙሉ ቀለም ሲሆን 3 ወረቀት በ2 ፊት በ4 ቀለም፣ 24 ፕሌት (ለእያንዳንዱ ፊትና ቀለም አንድ የማተሚያ ሰሌዳ)። ጥቁር ብቻ ሲሆን 6። ጥቁርና አንድ ተጨማሪ ቀለም ሲሆን 12። ማሽኑ ግማሽ ወረቀት፣ 50 በ70፣ የሚበላ ከሆነ የፕሌቱ ብዛት እጥፍ ይሆናል፣ ፕሌቱ ግን ያንሳል። ሽፋኑን አልቆጠርኩም።

አሁን ወደ ጨለማው። ሠዓሊ በኮምፒውተር ላይ «ጥቁር» የሚለው ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለም (ሳያን የሚባለው ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር) ሲቀየር የአራቱ መጠን ሲደመር 300 በመቶ ገደማ ሊደርስ ይችላል። ያልተለበጠ (አንጸባራቂ ሽፋን የሌለው) 80 ግራም ወረቀት በደህና የሚሸከመው ከ240 እስከ 260 ነው፤ የተለበጠው አርት ፔፐር እስከ 300 ይሄዳል። ከዚያ ካለፈ ቀለሙ አይደርቅም፤ የታችኛው ወረቀት በላይኛው ጀርባ ላይ ይታተማል፣ ክምሩ ይጣበቃል። ለጥልቅ ጥቁር 100 ጥቁር፣ 40 ሳያን፣ 30 ማጀንታ፣ 30 ቢጫ ይበቃል፤ ድምሩ 200 ነው። ሌላው፣ ባልተለበጠ ወረቀት ሥዕሉ የሚታተምበት ጥቃቅን የቀለም ነጥብ ይሰፋል፤ በመካከለኛ ግራጫ 20 በመቶ ያህል ይጨምራል። 70 ብላችሁ የላካችሁት ወደ 90 ይጠጋል። ስለዚህ በጨለማው ውስጥ እንዲታይ የምትፈልጉት ነገር ሁሉ ከ80 በመቶ በታች ይሁን። ከዚያ በላይ ያለው ለእኔ ጥቁር ብቻ ነው፤ አንባቢም አያየውም።

መምህርት፦ ፊደሉስ?

ፕሌት፦ ይኸን ጠይቂኝ እያልኩ ነበር እህቴ። ፊደላችን ከላቲኑ ይልቅ በጨለማ ይጎዳል። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ የሚለያዩት በአናት ላይ ባለች ሰረዝ ነው። በጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ብታስቀምጡ የዙሪያው ቀለም ገብቶ ሰረዟን ይውጣታል፤ «ሸማ» ይል የነበረው «ሰማ» ነው ወይ እየተባለ ይነበባል። በአራት ቀለም ላይ ነጭ ፊደል ሲሆን ደግሞ ከአራቱ አንዱ በ0.1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ጠርዙ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ ጭራ ያወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጽሑፉ በቀለም ሥዕሉ ላይ ተጽፎ አብሮ በስካነር አይቃኝ፤ ለብቻው በቬክተር ፋይል (ቢተልቅም ጠርዙ በማይደበዝዝ) ይምጣ፣ በ100 ጥቁር ብቻ፣ በነጭ ወይም በጣም ፈዛዛ ሳጥን ውስጥ። ከ10 ፖይንት አይነስ። ሳጥኑ ቦታ ስለሚበላ ሠዓሊው ከንድፉ ጀምሮ የገጹን አንድ አምስተኛ ያህል ለጽሑፍ ይተው። አማርኛ በቃል ብዛት ቢያጥርም ፊደሉ ሰፊ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ኮሚክ የተቀዳ የንግግር ፊኛ አይበቃውም።

ከሐረጎ ማዶ፦ የኮምቦልቻ ሰው ነኝ፤ ስለ አየሩ ማንም ስላላነሳ። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷም የዚያኑ ያህል ይጨምራል። ጓሽ ቀለም (በውኃ የሚበጠበጥ ድፍን ቀለም) በደሴ ሐምሌና ነሐሴ ጉም ውስጥ ቶሎ አይደርቅም። ያልደረቀ ንብርብር ላይ ሁለተኛ ብትጨምሩበት የታችኛው ተነስቶ ይደባለቃል፣ ወረቀቱም ይንጋደዳል። ኮምቦልቻ ላይ ተቃራኒው ነው፤ ብሩሹ ሳይነሳ ይደርቅና ጠርዙ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፣ ጉም የመሰለ ሽግግር አይወጣም። እዚያ ቀለሙን በረጠበ ጨርቅ ላይ ማስቀመጥ፣ ወረቀቱንም ከኋላው በስፖንጅ ማራስ ያስፈልጋል። አንድ መጽሐፍ በሁለቱም ከተማ ተከፋፍሎ ከተሣለ ገጾቹ አይመሳሰሉም። እኔ የምለው፦ መስመሩ በቀለም እስክሪብቶ ይሣል፣ ጥላው በአንድ ወይም በሁለት ንብርብር ስስ ቀለም ይታጠብ። የብሩሹም መንፈስ አይጠፋም፣ አንድ ገጽም አራት ቀን አይፈጅም።

ብሩሽ፦ ግማሽ ለግማሽ የሚባለው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያበላሻል ወንድሜ። መስመር ካለ አንባቢ መስመሩን ያነባል፣ ቀለሙ ጌጥ ይሆናል። ጓሹን በትክክል መሥራት ይቻላል። ወረቀቱ ኤ3፣ 300 ግራም ይሁን፤ በአራት ጎኑ በወረቀት ፕላስተር ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ኤ3 ወደ ኤ4 ሲቀነስ 71 በመቶ ስለሚሆን ጥቃቅን ስህተት ይሸፈናል። ከቱቦ የወጣ ጥቁር አይነካ፤ አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት አምበር የሚባለው ቡናማ በግምት እኩል ተደባልቀው ሕይወት ያለው ጥቁር ይሰጣሉ፤ ሰማያዊው ሲበዛ ሌሊት፣ ቡናማው ሲበዛ ጎጆ ቤት ይሆናል። ጓሽ ሲደርቅ ጥቁሩ ይነጣል፣ ነጩ ይጠቁራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ድብልቅ በቁራጭ ወረቀት ላይ ደርቆ ካልታየ ገጹ ላይ አይግባ። ሲያልቅ ቫርኒሽ አይቀባ፣ ስካነሩ ብልጭታውን ይይዛል። የኤ3 ስካነር ካልተገኘ በሁለት ግማሽ፣ ጥቂት ተደራርቦ፣ በ400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 400 ነጥብ) ይቃኝ።

ንባብ ክፍል፦ ሁላችሁም ስለ አሣሣሉ አወራችሁ፤ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ስለሚሆነው ልጨምር። ጥቁር ገጽ፣ በተለይ ያልተለበጠው፣ የእጅ አሻራ ይይዛል፣ ቀለሙም ለጣት ይለቃል። እስከ ጠርዝ ጥቁር የሆነ ገጽ በየጥጉ ተልጦ ነጭ ያወጣል። በዙሪያው 8 ሚሊ ሜትር ነጭ ኅዳግ ቢተው የመጽሐፉ ዕድሜ ይረዝማል። ጥራዙም በሽቦ ይሁን። በሙጫ ከሆነ የመሐል መጋጠሚያው ከእያንዳንዱ ገጽ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ይውጣል፣ በሁለት ገጽ የተዘረጋ ሥዕል መሐል ያለ ፊት ይጠፋል።

ዕድሜውን በተመለከተ ከመምህርቷ እለያለሁ። ችግሩ ጨለማው አይደለም፤ ኮሚክ ስለሆነ ብቻ ከተረት መጻሕፍት ጎን ይቀመጣል፣ የ7 ዓመት ልጅ ያነሳዋል። ጀግናዋ በመጀመሪያው ክፍል የምትሞትበት መጽሐፍ ከሆነ ከ15 ዓመት በላይ ተብሎ በጀርባ ጥጉ ላይ ይጻፍ፣ ከልጆች መደርደሪያም ይራቅ። ሽፋኑ ላይ ሞቷ አይታይ።

መምህርት፦ ሸጋ። ይኸ ከተደረገ ግማሹን ተቃውሞዬን አነሳለሁ። ሌላው ግማሽ ወጪው ነው። 24 ፕሌት የሚያወጣ ጥቁር መጽሐፍ ጥቂት ቅጂ ይሆንና ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ ይደርሳል። ባለ 6 ፕሌቱ ለብዙ ይደርሳል።

ፕሌት፦ ባለ 12ቱንስ ለምን ዘለላችሁት? ከላይ ብሩሽ ያለው እኮ ለሁለት ቀለም የተሠራ ነው፤ ዓለሙ ግራጫ፣ እሷ ወይን ጠጅ። አንድ ፕሌት ጥቁር፣ አንድ ፕሌት የተዘጋጀ ወይን ጠጅ። ድምሩ ከ200 በላይ መሄድ አይችልም፣ ስለዚህ 80 ግራም ወረቀትም ይሸከመዋል። ቢዛነፍ እንኳ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ማስተካከል አያደክምም። አንድ ጠንቅ አለው፦ ሠዓሊው በሌላ ቀለም አንዲት ጠብታ ቢጨምር አይታተምም። አረንጓዴ የለም፣ የፀሐይ መጥለቅ የለም።

ብሩሽ፦ ጓሹ በግራጫ ብቻ ይሠራ፣ ወይን ጠጁ ደግሞ በላዩ በሚቀመጥ ግልጽ ወረቀት ላይ ለብቻው ይሣል። ሁለቱ ለየብቻ ይቃኛሉ፣ ለየብቻ ፕሌት ይሆናሉ። በአራቱ ጥግ የመስቀል ምልክት ካልተደረገ ግን አይገጥሙም።

ከሐረጎ ማዶ፦ በግራጫ ብቻ ከሆነ እኔም ገባሁበት። በሁለቱ ከተማ ያለው የቀለም ልዩነት በግራጫ ብዙ አይታወቅም። ያም ሆኖ ድብልቁ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰው ተዘጋጅቶ በክዳን ማሰሮ ይከፋፈል።

አወያይ፦ እንግዲያው ሙሉ ቀለሙ ወጣ። የቀረው በሁለት ቀለም በጓሽ ወይስ በመስመር የሚለው ነው። ከመወሰናችን በፊት አንድ ገጽ፣ ሌሊት የሆነ፣ ቢያንስ ሦስት ሰውና ሁለት የንግግር ሳጥን ያለበት፣ በሁለቱም መንገድ ይሠራና በ80 ግራምና በአርት ፔፐር ይታተም። ንባብ ክፍል ሁለቱን ለተማሪዎች ያሳይ፤ ማንም ሳይነግራቸው ወሬ አመላላሿን በጣት ያመልክቱ።

የታሪክ መምህሩ፦ በሙከራው ገጽ ወርቂት ትኑርበት፤ ከጀርባዋ መሥራት መቻላችሁን ልይ።

ፕሌት፦ ይሁን። ፊደሉን በ8 ፖይንት ይዛችሁ ከመጣችሁ ግን ማሽኑን አላስነሳም።