ጠገራና የምኒልክ ብር ለማንሳት የሚሆን፣ ከአቅም የማይወጣ ካሜራና የማክሮ ሌንስ

የአያቴ ሙዳይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከአያቴ የወረስኋቸው 23 የብር ገንዘቦች አሉኝ፤ 14ቱ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ፣ አምስቱ የዳግማዊ ምኒልክ ብር፣ የቀሩት አራቱ ደግሞ የምኒልክ ግርሾች ናቸው። ገንዘቦቹን ለወንድሞቼና ለእህቶቼ ሳናከፋፍል በፊት እያንዳንዱን በሁለቱም ፊት አንስቼ መዝገብ ላዘጋጅላቸው እፈልጋለሁ። ጠገራዎቹ በየትኛውም ጊዜ ቢመቱ ሁሉም 1780 የሚል ዓመት ስለሚይዙ፣ የቪየናውን በ1935 እ.ኤ.አ. የገንዘቡ መምቻ ማህተም ለጣሊያን ከተሰጠ በኋላ ሮም ከተመታው ለመለየት ትንንሽ ምልክቶችን ማየት ግድ ነው፤ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ዕንቁዎችና የንስሩን የጅራት ላባዎች ማለቴ ነው። በስልኬ ስሞክር የስልኩ ጥላ ገንዘቡ ላይ ይወድቃል፣ ጥላውን ስሸሽ ደግሞ ብሩ ነጭ እሳት ይመስልና ፊቱ ይጠፋል።

አንድ የካሜራ መደብር ጠይቄ አዲስና ውድ ካሜራ ካልገዛሽ አይሆንም አሉኝ። ያለኝ ገንዘብ 400 ዶላር ገደማ ነው፤ ወንድሜ ለገና ከአሜሪካ ስለሚመጣ ያገለገለ ዕቃ ሊያመጣልኝ ይችላል። ከካሜራውና ከሌንሱ ለየትኛው ላድላ?

ብርሃንና ጥላ፦

እህታችን፣ ጤና ይስጥልን። አያትዎ ያቆዩትን ሳይበተን በመዝገብ ለማስቀረት መነሣትዎ እጅግ ደስ ያሰኛል። በእኔ እምነት ገንዘብዎን አስቀድመው ለሌንሱ ያውጡ፣ ከዚያ ለብርሃኑና ለማቆሚያው፣ የተረፈውን ለካሜራው። የሚያነሱት የብር ገንዘብ አይንቀሳቀስም፣ ጨለማ ውስጥም አይሮጥም፤ ስለዚህ አዳዲስ ካሜራዎች የሚኮሩበት ፍጥነት ለእርስዎ ሥራ ምንም አይጨምርም።

ምርጫውን የሚወስነው የገንዘቡ ስፋት ነው። ጠገራውም የምኒልክ ብርም ስፋታቸው ወደ 40 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ግርሹ ግን 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። እንደ ካነን 600ዲ ወይም 700ዲ ያሉ ካሜራዎች የሴንሰራቸው (ምስሉ የሚያርፍበት የካሜራው ክፍል) ቁመት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ጠገራውን ሙሉ በሙሉ ለማስገባት ምስሉ ከእውነተኛው መጠን ከአራት አስረኛ በታች ሆኖ ሴንሰሩ ላይ ቢያርፍ ይበቃል። ከነዚህ ካሜራዎች ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ኤስቲኤም ሌንስ እንኳ 0.36 ድረስ ስለሚያጎላ ጠገራውን ለጥቂት ይሞላዋል። ግርሹ ግን ወደ 0.85 የሚጠጋ ማጉላት ይፈልጋል፤ እውነተኛ የማክሮ ሌንስ (በጣም ቀርቦ ትንሽ ነገርን እስከ ሙሉ መጠኑ ሴንሰሩ ላይ የሚያሳርፍ) የሚያስፈልግዎ ለእነዚያ ለአራቱ ትንንሾች ነው። ጥራቱን በተመለከተ፣ 600ዲ 18 ሜጋ ፒክስል ስለሆነ ጠገራው ፍሬሙን ሲሞላ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ላይ ከ80 በላይ ነጥብ ያሳርፋል፤ ዕንቁ ለመቁጠር ከበቂ በላይ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበውና እኔ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው፣ ሌንሱ በደንብ በቀረበ ጊዜ በአፉና በገንዘቡ መካከል ስንት ሴንቲ ሜትር ይቀራል የሚለውን ነው፤ መብራት የሚገባው በዚያ ክፍተት ነውና። የኒኮን 40 ሚሊ ሜትር ማክሮ ዋጋው ዝቅ ያለና ጥርት ያለ ሌንስ ነው፣ ነገር ግን በሙሉ መጠን ሲያነሳ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ያነሰ ቦታ ስለሚተው በስልክዎ ያስቸገረዎት ጥላ ተመልሶ ይመጣል። የካነን 60 ሚሊ ሜትር ማክሮ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የካነን 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ደግሞ 15 ያህል ይተዋሉ። በጀቱ ከቻለ ያገለገለ 100፣ ካልቻለ 60 ይያዙ።

ከዚህም የሚቀንስ መንገድ አለ፤ እኔ ራሴ ለዓመታት የሠራሁት በእሱ ነው። በእጅ የሚስተካከለው የድሮው የኒኮን 55 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ማይክሮ ሌንስ በቀላል ማገናኛ ቀለበት ካነን ካሜራ ላይ ይገጠማል። ብቻውን እስከ ግማሽ መጠን ይሄዳል፤ 27.5 ሚሊ ሜትር ማስረዘሚያ ቀለበት ሲጨመርበት ሙሉ መጠን ይደርሳል። ራሱ ፎከስ አያደርግም፣ ለገንዘብ ግን በእጅ ማስተካከሉ ይሻላል።

አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ ስፋቱ በኤፍ ቁጥር የሚለካውን) ኤፍ 8 ላይ ይተዉት፤ ለግርሹ ወደ ኤፍ 5.6 ቢያወርዱት ይመረጣል፣ ምክንያቱም በሙሉ መጠን ስናነሳ ኤፍ 8 እንደ ኤፍ 16 ስለሚሠራ ምስሉ መለስለስ ይጀምራል። አይኤስኦ (የሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ትብነት) 100፣ የሁለት ሰከንድ ማዘግያ፣ ካሜራውም በማቆሚያ ወደ ታች እንዲያይ ተደርጎ።

ከባሕረ ሰላጤው፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ያገለገለ ሌንስ ስለ መግዛት ግን አንድ ቃል ልጨምር። የምኖርበት ከተማ እርጥበቱ ከባድ ነው፤ ከአንድ ሻጭ በርካሽ ያገኘሁትን የማክሮ ሌንስ ቤት ገብቼ በባትሪ ሳየው በውስጠኛው መስታወት ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ አገኘሁበት፣ ገንዘቤም አልተመለሰም። ወንድምዎ ከመክፈላቸው በፊት ከኋላ በኩል ባትሪ አብርተው ከፊት ይመልከቱ፣ የአፐርቸሩ ቅጠሎችም ዘይት ያልነካቸው መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ሌላው፦ ገንዘቦቹን ከማንሳትዎ በፊት እባክዎ እንዳያጥቧቸው። እናቶቻችን የብር ጌጥ በአመድ፣ በሎሚም እንደሚያጸዱት ቢታወቅም፣ ገንዘብ ላይ ሲሠራ ግን ፊቱን ይቧጭረዋል፤ በዘመን የያዘው ጥቁረት ከለቀቀ አይመለስም። ጠርዙን ብቻ ይያዙ፣ ከታችም ለስላሳ ጨርቅ ያንጥፉ።

የአያቴ ሙዳይ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያገለገለ 600ዲ እና 60 ሚሊ ሜትር ማክሮ እንዲያመጣልኝ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ፤ ሁለቱ ተደምረው ከበጀቴ ትንሽ አትርፈውልኛል። የቀረኝ የመብራቱ ነገር ነው። ሁለት የጠረጴዛ መብራቶች አሉኝ፣ ነገር ግን የት ላቁማቸው? ካሜራው ገንዘቡን በትክክል ከላይ ማየቱንስ በምን አውቃለሁ?

ብርሃንና ጥላ፦

ገንዘቡን የግድግዳ ሰዓት ፊት ነው ብለው ያስቡትና አንዱን መብራት 10 ቁጥር ባለበት፣ ሌላውን 2 ቁጥር ባለበት በኩል ከፍ አድርገው ወደ ሌንሱ አፍ ያስጠጓቸው። ከታች በኩል የመጣ ብርሃን ዓይንን ያታልላል፤ የምኒልክ ፊት ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ይመስላል። የክፍሉን ሌላ መብራት ሁሉ ያጥፉ፣ አለዚያ የቀለሙ ሚዛን ይበላሻል። ብሩ ሲያንጸባርቅ በመብራቱና በገንዘቡ መካከል ስስ ነጭ ወረቀት ይዘርጉ፤ መብራቱን ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሱ በኮምፒውተሩ ላይ ይከታተሉ። ካሜራውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኙት የካነን ነፃ ፕሮግራም ምስሉን በቀጥታ ያሳይዎታል።

ፊቱ በጣም የተላጨ ገንዘብ ካጋጠመዎት፣ ከሌንሱ ሥር እንደ መስኮት የሚያሳልፍ ንጹሕ መስታወት በ45 ዲግሪ አጋድመው መብራቱን ከጎን ይልቀቁበት፤ ብርሃኑ ከመስታወቱ ወደ ገንዘቡ ይወርድና ወደ ሌንሱ ይመለሳል። በዚህ ዘዴ የጠፋ የሚመስል ጽሑፍ እንኳ ጎልቶ ሲወጣ አይቻለሁ። ለማቃናቱ ደግሞ ገንዘቡ በሚያርፍበት ቦታ ትንሽ የፊት ማያ መስታወት ያስቀምጡና በካሜራው ይመልከቱት፤ የሌንሱ የራሱ አፍ በፍሬሙ መሐል ላይ ልክ ሲያርፍ ካሜራው ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ይህን ሳያደርጉ የንጉሠ ነገሥቱ ፊት ጥርት ብሎ ጽሑፉ ቢደበዝዝ ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም።

የአያቴ ሙዳይ፦

ከገና በኋላ ተመለስሁ። መስታወቱን አስቀምጬ ካሜራውን ለማቃናት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ለእያንዳንዱ ገንዘብ ጥቂት ደቂቃ በቂ ሆነ። በአንዱ የምኒልክ ብር ላይ አንበሳው ያነሣው የግራ እግሩን፣ በሌላው ላይ የቀኝ እግሩን መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ፤ አምስቱም አንድ ዓይነት ይመስሉኝ ነበር። ከጠገራዎቹ በአሥራ አንዱ የትከሻው ጌጥ ላይ ዘጠኝ ዕንቁ ቆጠርሁ። በሦስቱ ላይ ጌጡ ሙልጭ ብሎ ተልጧል፤ እነሱን በ45 ዲግሪው መስታወት እሑድ እሞክራቸዋለሁ።