ከአሮጌ ካናቴራ ክር በኪሮሽ ስለሚሠራ አልቦ

ጥያቄ (ከጀማሪዋ)፦
የተጣሉ የቤት ካናቴራዎችን ሸንሽኜ በማወጣው ክር ለእህቴ ልጆች በኪሮሽ የቁርጭምጭሚት ጌጥ እየሠራሁ ነው። ጠዋት ሲያደርጉት ልክ የነበረው አልቦ ከሰዓት በኋላ ላልቶ ተረከዝ ላይ ይወርዳል፤ ውፍረቱም ከጫማ ጋር አልስማማ ብሏል። ክሩን በ2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቆርጬ በ8 ሚሊ ሜትር መርፌ እሠራለሁ፤ ጫፍና ጫፉንም ሰፍቼ ቀለበት አደርገዋለሁ። ችግሩ ከጨርቁ ይሆን ወይስ ከአሠራሩ?

መልስ (ከዳንቴል ወዳድ)፦
ውፍረቱን በተመለከተ፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ለምንጣፍና ለቦርሳ የሚስማማ ስፋት ስለሆነ፣ ለአልቦ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው በ5 ወይም በ6 ሚሊ ሜትር መርፌ ቢሠሩ ይሻላል። ካናቴራውን ከብብቱ በታች ቆርጠው የታችኛውን ቅምቅማት ካስወገዱ በኋላ፣ ዙሪያውን ሳያቋርጡ እንደ ጠመዝማዛ መንገድ ቢቆርጡት አንድ ረጅም ክር ይወጣል። ጎኑ ላይ ስፌት የሌለውን ይምረጡ፤ ስፌቱ ባለፈበት ቦታ ሁሉ ክሩ ይጎረብጣል። ጽሑፍ ያለበትን ካናቴራም አይጣሉ፤ በወርዱ የተቆረጠ ጨርቅ ሲሳብ ወደ ፊተኛው ገጹ ስለሚጠቀለል፣ ጽሑፉ ውስጥ ገብቶ የሚታየው የጀርባው ቀለም ነው። ኅትመቱ እንደ ፕላስቲክ የተለጠፈና የደረቀ ከሆነ ግን አይጠቀለልም።

መልስ (ከአንድ የእጅ ሥራ መምህርት)፦
ስለ ጨርቁ የተባለው ልክ ነው፤ ለመላላቱ ዋናው ምክንያት ግን ቀለበት አድርገው መዝጋትዎ ይመስለኛል። እግር በተረከዙ በኩል ሲለካ ከቁርጭምጭሚቱ ስለሚሰፋ፣ በተረከዝ ማለፍ የሚችል የተዘጋ ጌጥ ወይ ከመነሻው ሰፊ ነው፣ ወይ በተጠለቀ ቁጥር እየተለጠጠ ይሰፋል። ስለዚህ ክፍት አድርገው ይሥሩትና በአንዱ ጫፍ ቁልፍ፣ በሌላው ከሰንሰለቱ (በኪሮሽ ተያይዘው ከሚሠሩት የክር ቀለበቶች) የተሠራ ማቆላለፊያ ያድርጉለት፤ ማቆላለፊያውን ሁለት ቢያደርጉት ሲላላ ወደ ጠባቡ ይሸጋገራል። ቁርጭምጭሚቱን ለክተው ከልኩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ያሳጥሩ። ክሩንም ከመሥራትዎ በፊት እጅ በእጅ እያለፉ አጥብቀው ይሳቡት፤ አስቀድሞ ያልተሳበ ክር እግር ላይ ሆኖ መለጠጡ አይቀርም። ሰንሰለት ብቻውን በቀላሉ ስለሚለጠጥ፣ በላዩ ተመልሰው አንድ ጠባብ ረድፍ ይሥሩበት።

ጠያቂዋ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ታላቂቱ ጨሌ እንዲደረግላት ትፈልጋለች፤ ክሩ ግን በጨሌው ቀዳዳ አይገባም። ምን ይሻላል?

መልስ (ከዳንቴል ወዳድ)፦
ክሩን በቀዳዳው ለማስገባት አይታገሉ፤ አልቦው ካለቀ በኋላ በጠንካራ ቀጭን የስፌት ክር ይስፉት። ጨሌው በውጭው ጎን ብቻ ቢሆን መልካም ነው፤ በውስጥ በኩል ከሆነ ስትራመድ ሌላኛውን እግር ይፍቃል። የታናሺቱን ዕድሜ አልነገሩንም፤ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ የምትከት ከሆነ ግን ጨሌም ቁልፍም አይደረግላት፣ በክሩ ጫፍ ማሰር ይበቃታል። ከታጠበ በኋላ ውኃ ያዘለ ጥጥ በክብደቱ ስለሚረዝም፣ ገመድ ላይ ሳይሰቅሉ ፎጣ ላይ ዘርግተው ያድርቁት።