ማተብ አንገቴ ላይ፣ «ቀይ ሰይጣኖች» ደረቴ ላይ?

የካታንጋው፦ ሰላም ወገኖች፣ ሴኡል ያላችሁ አንድ ነገር አማክሩኝ። የላቦራቶሪ ጓደኞቼ የፊታችን ቅዳሜ ሳንጋም ስታዲየም የኮሪያን ብሔራዊ ቡድን እንድናይ ትኬት ቆርጠውልኛል። የምንቀመጠው ከጎሉ ጀርባ፣ ደጋፊ ማኅበሩ መሀል ነው። የማኅበሩ ስም «ቀይ ሰይጣኖች» መሆኑን የነገሩኝ ግን ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ! የሚበራ የፕላስቲክ ቀንድ ሁሉ ገዝተውልኛል። እናቴ ፎቶውን ብታይ ጠበል ልግባ ነው የምትለው። ደግሞ ጭብጨባው። «ዴ———ሃንሚንጉክ!» (ኮሪያ ማለት ነው) ካሉ በኋላ አምስት ጊዜ ያጨበጭባሉ፤ እኔ ስድስተኛዋን ሁሌ ብቻዬን አጨበጭባለሁ። ባለፈው ዶሮ ቤት ቲቪ ስናይ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ፖቾን ነኝ፦ ወንድሜ፣ ስሙ ከእምነት ጋር አይገናኝም። በፈረንጆቹ 1983 ሜክሲኮ ላይ የኮሪያ ወጣት ቡድን ዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ፣ ቀይ ለብሶ እንዲያ ሲሮጥ ያዩ የውጭ ጋዜጦች ያወጡለት ቅጽል ነው። ማኅበሩ ስሙን የወሰደው በ1997 ነው። እዚህም ስሙን ያልወደዱ ፕሮቴስታንቶች ስላሉ ብቻህን አይደለህም።

እኔ በ2002ቱ (በእኛ 1994) የዓለም ዋንጫ ጊዜ እዚሁ ነበርኩ። ሰኔ 11 ከጣሊያን ጋር ዴጆን ሲጫወቱ፣ ደጋፊው ካርድ ከፍ አድርጎ «አጌን 1966» (እንደገና 1966) ብሎ ጻፈ። ሰሜን ኮሪያ በ1966 ጣሊያንን 1 ለ 0 አሸንፋ ከዓለም ዋንጫ ያባረረችበትን ማስታወሳቸው ነው። ለጠላት ወንድም ድል እንዲህ ሲኮሩ ሳይ ገረመኝ። አን ጁንግ ሁዋን በጭማሪ ሰዓት በጭንቅላት ሲያገባ ከፋብሪካው ወጣን፤ የመኪናው ጥሩምባ ሁሉ ያንኑ አምስት ምት ይመታ ነበር። ጧ ጧ ጧ፣ ጧ ጧ። ሦስት፣ ከዚያ ሁለት። የአዲስ አበባ ስታዲየምን ካታንጋ የለመደ እጅ ስለሆነ ነው የምትጨምረው!

ሰላም ከሴኡል፦ ፖቾን፣ አንተ ስለ ታሪክ ከጀመርክ ማቆሚያ የለህም 😄 ካታንጋው፣ ምልክት የሌለው ቀይ ቲሸርት ልበስ፣ በቃ። በ2002 አብዛኛው ሰው የለበሰው «ቢ ዘ ሬድስ» (ቀዮቹ ሁኑ) የሚለውን ነው፤ ሰይጣን የለበትም። 90 ደቂቃ እንደምትቆም እወቅ፣ የቆሻሻ ፌስታልም ያዝ፤ ሲያልቅ ሁሉም የራሱን ለቅሞ ነው የሚወጣው። በ2022፣ ሕዝብ ተጨናንቆ ብዙ ሰው ከሞተበት የኢቴዎን አደጋ ወር ሳይሞላ፣ የዓለም ዋንጫን ከሕዝብ ጋር ላይ ጉዋንግሁዋሙን አደባባይ ወጥቼ ነበር። የእግር ኳስ ማኅበሩ ዝግጅቱን ሲሰርዝ፣ ከተማውን ለምነው ያስፈቀዱት እነዚሁ «ሰይጣኖች» ናቸው። መተላለፊያው በገመድ ተከፍሎ ነበር። ሰው ሲጮህ እንኳ ከጎኑ ያለውን እያየ ነበር።

የካታንጋው፦ ሄድኩ! ለብሔራዊ መዝሙሩ ትልቁን ባንዲራ ከራሳችን በላይ ዘረጉት፤ ሥሩ ጨለማ ነው፣ የሚታየው እጅ ብቻ። የናሷ ትንሽ ሳህን ኩዌንግዋሪ ጆሮዬን እስካሁን ትመታኛለች። ቀንዱን ፕሮፌሰሬ ራሱ ቀምቶኝ አደረገው። አምስቷን እስከ እረፍት ድረስ ተቆጣጠርኳት፣ ከዚያ በኋላስ አትጠይቁኝ።

ፎቶውን እናቴ አየችው። ማተቤን አላየችም፣ ባለቀንዱን ፕሮፌሰርም አላየችም። «ጃኬትህ የት አለ?» ነው ያለችኝ።