አስቸኳይ፦ «አፍሬይ» በአማርኛ ምን ይባላል?

ሳሮን፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ታናሽ ወንድሜ የተከሰሰበት ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ «አፍሬይ» (affray) ይላል። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል። እናቴ «ልጄ ምን አድርጎ ነው?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። መዝገበ ቃላቱ «አምባጓሮ» አለኝ። እሱ ግን ማንንም አልመታሁም ነው የሚለው። ሳይማቱ አምባጓሮ አለ እንዴ?

ደሬ፦ ድብድብ ማለት ነው። ድብድብ በያት።

የሰፈር ልጅ፦ የት አገር ነው?

ሳሮን፦ ይቅርታ፣ ለንደን።

ጋሽ ም.፦ ልጄ፣ ቃሉን ከሥሩ ብናየው ይሻላል። እንግሊዝኛ የጠብ ቃል ሞልቶታል። «ሜሌ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ድብልቅልቁ የወጣ፣ ማን ማንን እንደሚመታ የማይለይበት ነው። «ዶኒብሩክ» ደብሊን አጠገብ በጠብ ስሙ የወጣ የዓመት ገበያ ነበር፤ በ1855 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። «አፍሬይ» ግን ሌላ ነው። የድሮ ፈረንሳይኛ ነው፣ ማስፈራት ማለት። ከዚያም ወደ ኋላ ብትሄጂ «ከሰላም ማውጣት» ነው። ጀርመኖች ሰላምን ዛሬም «ፍሪደን» ይላሉ። «አፍሬይድ»፣ ፈራሁ የምትሉበት ቃል፣ ከዚሁ የወጣ ነው። ስለዚህ ቃሉ የፍርሃት ነው፣ የቡጢ አይደለም።

ደሬ፦ ያው ድብድብ ነው እኮ።

አስተርጓሚዋ፦ አይደለም። ጋሽ ም. ልክ ናቸው፣ ሕጉም እንደዚያው ነው። የእንግሊዝና ዌልስ የ1986ቱ (እ.ኤ.አ.) የሕዝብ ጸጥታ ሕግ፣ አንቀጽ 3። በሰው ላይ ኃይል መጠቀም ወይም በኃይል ማስፈራራት፣ ያውም በቀላሉ የማይደነግጥ ሰው እንኳ አጠገቡ ቢቆም ለራሱ እስኪሰጋ ድረስ። መምታት ግዴታ አይደለም። በአፍ ብቻ መዛት ግን አይበቃም። ከፍተኛው ቅጣት 3 ዓመት ነው። «ራየት» (ሁከት) የሚባለው ሌላ ክስ ነው፤ እሱ ቢያንስ 12 ሰው ይፈልጋል።

ሳሮን፦ ወንበር አንስቷል። ግን አልወረወረም።

አስተርጓሚዋ፦ እህቴ፣ ይህን እዚህ አትጻፊ። የጻፍሽውን ሰርዢና ለጠበቃው ብቻ ንገሪ።

የሰፈር ልጅ፦ ቃሉን መተርጎሙ ምን ይሠራል? ጠበቃ ያዙ! ከሌላችሁ ጠዋት እዚያው ፍርድ ቤት ተረኛ ጠበቃ ጠይቁ።

አስተርጓሚዋ፦ ለእናት መተርጎሙም ይሠራል። እንዲህ በያት፦ «ሰው የሚያስፈራ ጠብ ውስጥ ነበርክ ብለው ከሰሱት። ገና አልተፈረደበትም።» ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግመሽ ንገሪያት። በእኛ ሰው ጆሮ «ተከሰሰ» ሲባል «ታሰረ» ነው የሚሰማው።

እማማ ቤት፦ እኔ እናት ነኝ። መጀመሪያ «ደህና ነው፣ እራቱን በልቷል» በያት። ሌላው ይደርሳል።

ሳሮን፦ ነገርኳት። «ታዲያ የፈራው ሰው ማነው?» አለችኝ።

አስተርጓሚዋ፦ ጎበዝ እናት አለችሽ። ዳር ቆሞ የሚያየው ሰው የግድ በቦታው መኖር የለበትም ይላል ሕጉ። ቢኖር ይሰጋ ነበር ወይ ነው ጥያቄው። የጠቡ አስፈሪነት የሚለካው በዚያ ስለሆነ ነገ ጠበቃው መጀመሪያ ይህን ያስረዳችሁ።

ደሬ፦ ሳሮን፣ በስንት ሰዓት ነው የሚቀርበው?