የሦስቱ ቅዳሜዎች ፕሮፖዛል፦ ጄሚን ማን ይማረው?

ጸሐፊ፦ ሰላም ጓዶች። የአዳራሹ ሰዎች «አንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ» ብለዋል፣ እስከ ሐሙስ። ለውይይታችን ሦስት ቅዳሜ ተፈቅዶልናል፣ በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ሰዓት። ርዕሱ ባለፈው የተስማማንበት ነው፤ የጌም ኦፍ ትሮንስ፣ የዚያ ተከታታይ ፊልም ሰዎች፣ እነዚያ ጠልተናቸው ጠልተናቸው መጨረሻ ላይ የምናዝንላቸው። ረቂቄ ይኸው፦ መጀመሪያ ንጉሥ ገዳዩ ጄሚ ላኒስተር፣ ቀጥሎ ዙፋኑ ይገባኛል ባዩ ስታኒስ፣ መዝጊያ የዘንዶዎቹ ንግሥት ዴነሪስ። በየምሽቱ ማብቂያ እጅ እያወጣን «ይማር ወይስ አይማር» ብለን ድምፅ እንሰጣለን። በሉ ቀጥቅጡት።

ገንዘብ ያዥ፦ ለጄሚ እጅ አውጥተን? ኧረ አንተ ሰውዬ ትንሽ እፈር።

መጽሐፉን ያነበበችው፦ ዴነሪስ ትውጣልኝ። እሷን ያነሳን ቀን ስለ እሷ አውርተን አናውቅም፣ ወሬው ወዲያው ወደ መጨረሻው ወደ 8ኛው ሲዝን ይዞራል። ደራሲዎቹ ቸኮሉ አልቸኮሉ፣ ከተማውን ማቃጠሏ ከየት መጣ፣ 73 ክፍል አይተን እንዲህ ይሸኙናል ወይ። ልደቴ ላይ በዚህ ክርክር ሻማው ኬኩ ላይ ቀልጦ አልቋል። እሱ ሌላ ስብሰባ ነው፣ ይቅር።

ጸሐፊ፦ ወጣች። በምትኳ ማን ይግባ?

አዲሱ አባል፦ እሱን በኋላ እንመልሰው፣ መጀመሪያ ጄሚ ላይ ልናገር። ሰሞኑን ከ1ኛው ክፍል ጀምሬ እንደገና እያየሁት ነው፤ ያኔ በፍላሽ እየተቀባበልን ስናየው ግማሹን ዘለን ነው ያየነው ለካ። የሁላችንም ልብ የዞረው ገንዳው ውስጥ ነው አይደል? 3ኛ ሲዝን፣ 5ኛ ክፍል። እንፋሎቱ፣ የተቆረጠው እጁ፣ ትኩሳቱ። አብራው ለተያዘችው ተዋጊ ለብሪየን ንጉሡን ለምን እንደገደለ ይነግራታል፤ ያ ጄሚ ዘብ ሆኖ ይጠብቀው የነበረው እብድ ንጉሥ ከተማው ሥር እሳት አስቀብሮ «ሁሉንም አቃጥሏቸው» ሲል ነበር። ከዚያ ክንዷ ላይ ይወድቃል። እሷ «ንጉሥ ገዳዩን እርዱት» ብላ ስትጮህ፣ እሱ በደከመ ድምፅ ስሜ ጄሚ ነው ይላል። እኔም አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም።

ግን 2ኛው ሲዝን ላይ ታስሮ ሳለ አብሮት የታሰረውን የአጎቱን ልጅ ምን እንዳደረገው ማን ያስታውሳል? ልጁ አንድ ጊዜ በጦር ግጥሚያ ላይ የጄሚ አገልጋይ ሆኖ እንደነበር ዓይኑ እያበራ ይነግረዋል። ጄሚም የራሱን የልጅነት ትዝታ ያጫውተዋል። ከዚያ ደብድቦ ይገድለዋል፣ ጠባቂው ሮጦ እንዲመጣለትና እንዲያመልጥ ብቻ። ጠባቂውንም አንቆ ይገድላል። እኔ ይሄን ጭራሽ ረስቼው ነበር።

መጽሐፉን ያነበበችው፦ እሱ ፊልሙ የተሠራበት መጽሐፍ ውስጥ የለም፣ የፊልሙ ነው። ግን ያነሳኸው ነገር መጽሐፉም ላይ ይሠራል። የመጀመሪያው ቅጽ በፈረንጆቹ 1996 ነው የወጣው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጾች ጄሚን የምናየው በሌላ ሰው ዓይን ነው። 3ኛው ላይ፣ 2000 መሆኑ ነው፣ ደራሲው ድንገት የጄሚ ጭንቅላት ውስጥ ያስገባናል። ሰውየው ያው ነው፣ የኛ መቀመጫ ነው የተቀየረው። ሕፃኑን ብራንን ከግንቡ የገፈተረው እጅ ያ የምናዝንለት እጅ ነው እኮ!

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ፍርድ ቤት እናድርገው። አንዱ ዐቃቤ ሕግ፣ አንዱ ጠበቃ። ሰው ይስቃል፣ ሞቅ ይላል።

ሰብሳቢ፦ ልጆች፣ እኔ ፊልሙን ያየሁት ልጄ አስገድዳኝ ነው፤ ስም ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ፍርድ ቤቱ ይቅርባችሁ። ጠበቃ ካለ አፈ ጮሌ ያሸንፋል፣ ጄሚ ደግሞ አፉ ቅቤ ነው። እኔ ሽምግልና ተቀምጬ ነው ያረጀሁት፣ እዚያ መጀመሪያ የሚናገረው ተበዳይ ነው። በዳይ ቀድሞ ካለቀሰ ነገሩ እዚያው ይበላሻል፣ ሁሉም እሱን ማባበል ይጀምራል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ይሄ ፕሮፖዛሉን ሙሉ በሙሉ ሊቀይረው ነው። በየምሽቱ በተበዳዩ እንጀምር እያሉ ነው?

ሰብሳቢ፦ አዎ። አንድ ሰው ይነሳና በተበዳዩ ስም ይናገር። እንባው በኋላ ይደርሳል።

አዲሱ አባል፦ እንዲያ ከሆነ በዴነሪስ ቦታ ውሻው፣ ያ «ውሻው» የሚሉት ተዋጊ ሳንዶር፣ ይግባ። የገንዳው ነገር ባለበት በዚያው ክፍል መጀመሪያ ላይ የሱ ፍርድ አለ። ከዚያ በፊት ባለው ክፍል መጨረሻ ላይ ትንሿ አርያ «ማይካን ገድለሃል» ብላዋለች፣ ከሷ ጋር ወንዝ ዳር በእንጨት ሰይፍ ሲጫወት የነበረውን የልኳንዳ ቤት ልጅ። በሰይፍ ይዋጋሉ፣ ውሻው ያሸንፋል፣ አምላክ ፈረደለት ተባለና ተለቀቀ። ልጁን ያነሳችው ያቺ ሕፃን ብቻ ናት። ከዚያ ወዲያ እኛ ውሻው ዶሮ ሲበላ እያየን ስንስቅ ከረምን።

ገንዘብ ያዥ፦ ቆይ ቆይ። ልቤ ለጄሚ ነው፣ አልደብቅም። ሦስቱንም ምሽት ሬሳ ስንቆጥር ካመሸን ስብከት ነው የሚሆነው፣ ሰው በሁለተኛው ቅዳሜ አይመጣም። ደግሞስ ብራን ራሱ 8ኛው ሲዝን ላይ ይቅር ብሎት የለ? ተበዳዩ ከማረ እኛ ምን አግብቶን?

መጽሐፉን ያነበበችው፦ ይቅር አላለውም! ማንም ላይ አልተቆጣሁም ነው ያለው። ሁለቱ አንድ ናቸው እንዴ?

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ እሱን ጥያቄ አድርጉልኝ። ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይግባ።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። እንግዲህ የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ለተበዳይ፣ የቀረው ነፃ ክርክር፣ ጄሚን የወደደ ይውደድ። ስታኒስስ? ልጁን ሺሪንን ማቃጠሉ በወጡት መጻሕፍት ውስጥ የለም፣ 5ኛው ሲዝን ላይ ነው ያለው። በፊልሙ እንሂድ?

መጽሐፉን ያነበበችው፦ በፊልሙ። ግን ምሽቱን በዳቮስ ጀምሩት። ስታኒስ ተከቦ በረሃብ ሲያልቅ ሽንኩርት በጀልባ አሾልኮ ያስገባለት ኮንትሮባንዲስት። ስታኒስ ባላባት አደረገው፣ ለድሮው ኮንትሮባንድ ደግሞ የአንድ እጁን አራት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። መልካሙ ክፉውን አያጥበውም፣ ክፉውም መልካሙን፤ የሰውየው ሕግ ይሄ ነው። ዳቮስ የጣቶቹን አጥንት በትንሽ ከረጢት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር የሚዞረው፣ እንደ ሽልማት! ያም ሆኖ ይወደዋል።

አዲሱ አባል፦ የሺሪንንም ቃል እሱ ይናገርላት። ማንበብ ያስተማረችው እሷ ናት። የሠራላትን የእንጨት አጋዘን አመድ ውስጥ ጠቁሮ ያገኘውም እሱ ነው።

ሰብሳቢ፦ ይሄኛው እኔንም አስለቅሶኛል። ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው፦ ጄሚ (ተናጋሪው በብራንና በአጎቱ ልጅ ስም)፣ ውሻው (በማይካ ስም)፣ ስታኒስ (በሺሪን ስም፣ በዳቮስ አፍ)። ድምፅ መስጠት ቀርቷል። በማይካ ስም የሚናገር ግን አላገኘሁም፣ ልጁ ፊልሙ ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢናገር ነው።

አዲሱ አባል፦ እኔ እናገራለሁ። ስለማይታወቅ ነው እኮ የፈለግኩት።

ገንዘብ ያዥ፦ የፕሮጀክተሩ ገመድ ባለፈው ጊዜ የተበላሸው ነው፣ አዲስ እገዛለሁ። ደረሰኝ አመጣለሁ። ቡናውን ግን እኔ ላይ አትጣሉት።

ሰብሳቢ፦ ጀበናው ከኔ።