ከጅቡቲ የሚመጣው ፋይል ኤክሴል ላይ ቁጥሩ ይዛባብኛል

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች፣ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ቢሮ ነው የምሰራው እና የጭነት ዝርዝሩ ከጅቡቲ በሲኤስቪ፣ ማለት ኮለሞቹ በምልክት ብቻ በሚለዩበት የጽሁፍ ፋይል ነው የሚላክልን። ከኖትፓድ ኮፒ አርጌ ኤክሴል ላይ ለጥፌ በቴክስት ቱ ኮለምንስ በሴሚኮለን ስከፍለው 12,750 ቶን የሚለው አስራ ሁለት ሺ ሰባት መቶ ሃምሳ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ እቃው እኮ 12 ቶን ከምናምን ነው! ቀኑ ደሞ ግማሹ ወደ ግራ ግማሹ ወደ ቀኝ ተለጥፎ ይወጣል። ትናንት ሳላየው ለጉምሩክ የሚቀርበው ዲክላራሲዮን ላይ ሊገባ ነበር፣ በጣም ነው የደነገጥኩት። ፋይሉ ነው ወይስ ኮምፒውተሬ የተበላሸው?

ከዚራ፦
ሁለቱም ደህና ናቸው አቦ። ጅቡቲ አጻጻፉ የፈረንሳይ ነው፣ እነሱ ጋ ኮማ ማለት የኛ ነጥብ ነው፣ ሺውን የሚለዩት በክፍት ቦታ ነው፣ ኮማው ለቁጥሩ ስለተያዘ ነው ኮለሙን በሴሚኮለን የሚለዩት። ያንቺ ዊንዶውስ የአሜሪካ ሴቲንግ ላይ ስለሆነ ኮማውን የሺ ምልክት ነው ብሎ ያነበዋል። ቀኑም እንደዛው፣ 04/03/2024 እነሱ ጋ ማርች 4 ነው ያንቺው ግን ኤፕሪል 3 ያረገዋል፣ 25/03 ሲመጣ 25ኛ ወር ስለሌለ እንደ ጽሁፍ ትቶት ወደ ግራ ይሄዳል። ወደ ግራ የሄደውስ ይታይሻል፣ እኔን የሚያስፈራኝ ወደ ቀኝ የሄደው ነው፣ ትክክል መስሎ ወሩና ቀኑ የተገለበጠው እሱ ነው።

መጋላ፦
ኮንትሮል ፓነል ሪጅን ግቢና ፍሬንች አርጊው በቃ

ገንደ ቆሬ፦
እባክሽ እንዳታረጊው! እኔ አርጌው ፎርሙላ ስጽፍ በኮማ አልቀበል አለኝ ሴሚኮለን ካልሆነ፣ ሴቭ ያረግኩት ሲኤስቪም በሴሚኮለን ወጥቶ አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች መክፈት አቃታቸው። ይልቅ በቴክስት ቱ ኮለምንስ ስትከፍይው ሶስተኛው ገጽ ላይ አድቫንስድ የሚል አለ፣ እዛ ዴሲማሉን ኮማ፣ ታውዛንድሱን ነጥብ አርጊው፣ የቀኑን ኮለም ደሞ ነክተሽ ዴት ላይ ዲኤምዋይ (ቀን፣ ወር፣ አመት) ምረጪ፣ ሌላ ፋይል አይነካብሽም። የሺዋ ክፍት ቦታ ብዙ ጊዜ ተራ ስፔስ አይደለችም፣ ኖትፓድ ላይ እያለ ራሷን ኮፒ አርገሽ ሪፕሌስ ላይ ለጥፊና አጥፊያት።

የሳቢያን ልጅ፦
ሰራልኝ! 12.75 አለ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሪጅኑን አማርኛ ባረገውስ ቀኑ በኛ ይሆናል?

ከዚራ፦
አይሆንም፣ አማርኛም ብታረጊው ዊንዶውስ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። የካቲት 25/2016 ብለሽ መያዝ ከፈለግሽ ለብቻው ኮለም በጽሁፍ ያዢው። ላኪዎቹን ግን ቀኑን 2024-03-04 እያላችሁ ጻፉልን በያቸው፣ እሱን የኛም የነሱም ኤክሴል እኩል ነው የሚያነበው።