ሲሞቅ አልነሳ የሚል ሀይሉክስ፦ ፓምፑ ነው ወይስ የናፍጣው መስመር?

የቦሳ ልጅ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ቶዮታ ሀይሉክስ ነው፤ ሞተሩ 3ኤል፣ 2.8 ሊትር፣ የናፍጣ ፓምፑ (ኢንጀክሽን ፓምፕ) ኮምፒውተር የሌለው መካኒካል ነው። ከጅማ አጋሮ ጭነት ያመላልሳል። ጠዋት ካንዴላው (ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) እንደሞቀ ቁልፍ ሲዞር ወዲያው ይነሳል። ያስቸገረው ሁለት ነገር ነው። ጭኖ የጅሬንን ዳገት ሲወጣ በሦስተኛ ማርሽ ጉልበቱ ይሞታል፤ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ቢረገጥም አይጨምርም፣ ጥቁር ጭስም አያወጣም። ሌላው፣ ሥራ ላይ ውሎ ከጠፋ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሊነሳ ሲል ሞተሪኖው (ማስነሻው) ያዞራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። ሲቀዘቅዝ ይነሳል። የናፍጣ ፊልትሮው አዲስ ነው። ጋራዥ «ፓምፑ አልቋል፣ ይለወጥ» ተብሏል። ይህን ሁሉ ገንዘብ ከማውጣት በፊት እዚሁ ጅማ በእጅ ባለ መሣሪያ ማረጋገጥ ይቻላል?

ፕላንጀር

ይቻላል ወንድሜ። ግን ሁለቱን ችግር እንደ አንድ አትያቸው። ጭነት ላይ የሚመጣ ድካም ብዙ ጊዜ ከፓምፑ በፊት ካለው መስመር ነው፤ ሙቀት ላይ የሚመጣ ደግሞ ከራሱ ከፓምፑ ወይም ከኤሌክትሪኩ። ስለዚህ ለየብቻ ይፈተሹ።

ከዳገቱ ልጀምር። በዚህ ሞተር ሳልባትዮ (የናፍጣ ማጠራቀሚያው) ውስጥ ፓምፕ የለም። ናፍጣውን የሚስበው ኢንጀክሽን ፓምፑ ውስጥ ያለ ባለ ክንፍ ትንሽ መሳቢያ ነው። ከሳልባትዮ እስከ ፓምፑ ያለው ቱቦ ሁሉ የሚሠራው በመምጠጥ ነው ማለት ነው። በዚህ በኩል የላላ ማሰሪያ ወይም የተሰነጠቀ ጎማ ካለ ናፍጣ ወደ ውጭ አያፈስም፣ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። «ምንም የሚያንጠባጥብ የለም» ተብሎ መስመሩ ደህና ነው የሚባለው አያዋጣም።

የፓምፑን መግቢያ ጎማ ፍታና በቦታው አንድ ክንድ የሚያህል የውስጡ ስፋት 8 ሚሊ የሆነ፣ ናፍጣ የማይበላው፣ በውስጡ የሚያሳይ ቱቦ ግጠም። አየሩን አስወጥተህ ሞተሩን አስነሳ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ማለፉ ያለ ነው። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) 5 ደቂቃ ሠርቶም አረፋው ካልቆመ፣ ወይም ነዳጅ ሲጨመር ከበዛ፣ አየር እየገባ ነው።

ከዚያ 5 ሊትር ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን አድርገህ ከፊልትሮው ከፍ ብሎ፣ ከጭስ ማኒፎልድ ርቆ እሰረው። ቱቦውን ወደ ፊልትሮው መግቢያ አገናኝ። የመመለሻውንም ጎማ ወደ ጀሪካኑ መልሰው፤ አለዚያ ናፍጣው ወደ ሳልባትዮ እየሄደ ቶሎ ያልቅብሃል። አሁን መምጠጡ ቀርቶ ናፍጣው በራሱ ክብደት ይወርዳል። አየር ይስብ የነበረው ቦታ ፊልትሮው አካባቢ ከሆነ ናፍጣ ማላብ ይጀምራል፣ በጣትህ ታገኘዋለህ። ምንም ካላላበና ጉልበቱ ከተመለሰ ችግሩ ወደ ሳልባትዮ በኩል ነው፦ የተዘጋ ወንፊት፣ የዛገ ቱቦ፣ ወይም አየር የማያስገባ ክዳን። ክዳኑን ስትከፍት «ፍስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። በጀሪካንም ያው ከሆነ ግን ወደ ፓምፑና ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጩት ኖዝሎች እንሄዳለን።

የቆጪ ናፍጣ

እኔ የሙቀቱን ልያዝ። ፓምፑ ላይ ከመፍረድ በፊት ሁለት ርካሽ ነገሮች አሉ።

አንደኛው የማዞሪያው ፍጥነት። ሲሞቅ ሞተሪኖው ይሰንፋል፣ ጆሮ ግን ልዩነቱን አይለይም። ሞተሩ እንደሞቀ ሲዞር ባትሪው ላይ በቮልት መለኪያ አንብብ፤ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ መጀመሪያ ባትሪው፣ ገመዶቹና ሞተሪኖው ይታዩ።

ሁለተኛው ፓምፑ ጀርባ ላይ ያለችው የናፍጣ መዝጊያ ሶሌኖይድ። ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት ደርሷት «ቀጭ» ማለት አለባት። ጠመዝማዛ ሽቦዋ ሲሞቅ የሚቋረጥ ከሆነ ልክ አንተ እንዳልከው ነው የሚያደርገው። መኪናው ሞቆ አልነሳ ባለበት ሰዓት ሽቦዋን ነቅለህ ከባትሪው ፖዘቲቭ ቀጥታ 12 ቮልት ስጣት። ተነሳ? ችግሩ ከቁልፍ እስከ እሷ ያለው ሽቦ ነው። አልተነሳም፣ ቀጭም አላለችም? ሶሌኖይዷ ብቻ ትለወጣለች። ለማጥፋት ሽቦውን መንቀል እንዳለብህ አስብ።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጭሱን እይ። እየዞረ ነጭ ጭስ ካወጣ ናፍጣ ሲሊንደር ይደርሳል፣ አይቃጠልም ማለት ነው፤ ጥያቄው ካንዴላ፣ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደር እመቃ) ወይም ታይሚንግ (ናፍጣው የሚረጭበት ሰዓት) ይሆናል። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣ አይደርስም። የአንዱን ኖዝል ቱቦ ማሰሪያ ዳዶ ግማሽ ዙር አላላና አዙር፤ በየምቱ ተፈናጥሮ መውጣት አለበት። መነጽር አድርግ፣ እጅህን አታስጠጋ።

የመጨረሻው ምርመራ እርጥብ ጨርቅ ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ፕላንጀሩ (ፓምፑ ውስጥ ናፍጣውን የሚገፋው ዘንግ) እና ቤቱ ከተበሉ የቀጠነው ናፍጣ በመሃላቸው ያመልጥና ኖዝሉን የሚከፍት ግፊት አይፈጠርም። ጠዋት ናፍጣው ወፍራም ስለሆነ ያው ያረጀ ፕላንጀር ይበቃዋል። ጨርቁን በውሃ ነክረህ ፓምፑ ላይ አድርገህ 5 ደቂቃ ጠብቅ። ወዲያው ከተነሳ የፓምፑ ሄድ (ፕላንጀሩና ቤቱ ያሉበት ክፍል) ተበልቷል። ውሃ በባልዲ አይደፋበትም፤ የጋለ አሉሚኒየም በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። በአየር ማስገቢያው ቤንዚን ማርከፍከፍ የሚባለውንም ተዉት፤ ካንዴላ በጋለበት ሞተር ፒስተን ይሰብራል።

ዲ ፎር ዲ

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ኮመን ሬል (ለሁሉም ኢንጀክተር ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት የሚይዝ አንድ የጋራ ቧንቧ) ያለው አዲሱ ሀይሉክስ ላይ ዳዶ ማላላት ፈጽሞ ክልክል ነው። መስመሩ ከ1,000 ባር በላይ ይይዛል፤ ናፍጣው ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ እጅ እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። እዚያ የሬል ግፊቱ በኮምፒውተር ነው የሚነበበው። በሚኒሞ ከ300 እስከ 400 ባር አካባቢ መሆን አለበት። ፒ0087 የሚል ኮድ የግፊት ማነስ ነው፤ ግን ፓምፑ ብቻ ሳይሆን የተዘጋ ፊልትሮና በመመለሻ የሚያፈስ ኢንጀክተርም ያመጡታል። ፊልትሮው ውስጥ የብረት ብናኝ ከታየ ፓምፑን ብቻ ለውጦ መነሳት አዲሱንም ማስበላት ነው።

የቦሳ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዳላችሁት ተሞክሯል። ቱቦው ውስጥ አረፋው አልቆመም። ጀሪካኑ ሲሰቀል አረፋው ጠፋ፣ ዳገቱንም በሦስተኛ ወጣ፤ ፊልትሮው አናት ላይ ካለው የእጅ ፓምፕ ጎማ ሥር ግን ናፍጣ አላበ። ሲሞቅ፦ ባትሪው 10.4፣ ሶሌኖይዷ በቀጥታ ሽቦ ቀጭ ትላለች፣ ጭስ የለም፣ ኖዝሉ ዳዶ ላይ እርጥበት ብቻ። በእርጥብ ጨርቅ ተነሳ።

ፕላንጀር

እንግዲህ ጎማው የተበላው የእጅ ፓምፕ ዳገቱን፣ የተበላው ሄድ ሙቀቱን ያስረዳሉ። ጋራዡ በከፊል ትክክል ነው፤ ፓምፑ ብቻ ተለውጦ ቢሆን ግን ጅሬን ላይ ያው ድካም ይጠብቅህ ነበር። መጀመሪያ የፊልትሮውን አናት ከነእጅ ፓምፑ ለውጥ፣ ርካሹ እሱ ነው።

ፓምፑ ሙሉ አዲስ አያስፈልገውም። ሄዱ ከነፕላንጀሩ እንደ አንድ ጥንድ ይለወጣል፤ አንዱን ብቻ መለወጥ አይሆንም፣ አብረው የተሞረዱ ናቸው። ጓርኒሲዮኖቹና (ማሸጊያዎቹና) የፊት ማገጃ ጎማው አብረው ይለወጡ። ሥራውን የካሊብሬሽን ማሽን (ፓምፑ የሚለካበትና የሚስተካከልበት) ላለው ቤት ስጥ፤ ማሽን ላይ ሳይወጣ «ተስተካክሏል» የሚባለውን አትቀበል። ኖዝሎቹንም አብረህ ውሰድ፦ 150 ባር አካባቢ መክፈት፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ባለ ግፊት ለ10 ሰከንድ ሳያንጠባጥቡ መቆየት አለባቸው።

የፓምፑ ችግር ምንጩ ብዙ ጊዜ ውሃ ነው። ፕላንጀሩን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ስለሆነ ውሃ ሲገባ ያዝገዋል። እኛ ጋ ዝናቡ ብዙ ነው፣ በበርሜልና በጀሪካን የተቀመጠ ናፍጣም ይቀዳል። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ በየሳምንቱ ሁለት ዙር ያህል አላልተህ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ በእጅ ፓምፑ ግፋ።

የቆጪ ናፍጣ

ሲፈታ አንድ ነገር፦ ፓምፑ የሚዞረው በታይሚንግ ቺንጊያ ነው፣ ሳይወልቅ አይወጣም። 100,000 ኪሎ ሜትር ከተጠጋ ቺንጊያውንም አሁኑኑ ቀይረው፣ የእጅ ዋጋው ያው ነው። ከመፍታትህ በፊት የፓምፑ ጠርዝና ሞተሩ በሚገናኙበት ላይ በስለት መስመር አስምር። መግቢያና መመለሻ ላይ ያሉትን ባለ ቀዳዳ ቡሎኖች አታምታታ፤ የመመለሻው ቀዳዳ በጣም ጠባብ ነው፣ መግቢያው ላይ ከተገጠመ አዲሱ ሄድ በናፍጣ ይራባል። ሲገጠም የእጅ ፓምፑ እስኪጠነክር ግፋ፣ የኖዝሎቹን ዳዶዎች አላላ፣ በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ ሳታዞር ሞተሪኖውን እያሳረፍክ ናፍጣው እስኪፈናጠር ድገም፣ ከዚያ አጥብቅ።